የተራገፈው አቁማዳ

ስለ ትምህርት እኩልነት እንድናገር በተጠራሁበት አዳራሽ ሁሉ አንድ ሰው ተነሥቶ ያንን ፊልም ያነሣብኛል። ብዙውን ጊዜ ሴት ናት፤ ድምጿም ገና ሳትጀምር ይሰባበራል። «ያቺ ልጅ አቁማዳዋን ገልብጣ ስታራግፍ አንጀቴ ተላወሰ» ትለኛለች። እኔ አመሰግናለሁ እልና ከፊቴ ያለውን ውኃ አነሣለሁ። ብርጭቆ ከንፈሩ ላይ ካደረገ ሰው መልስ የሚጠብቅ የለም፤ ይህን ከብዙ መድረክ ተምሬያለሁ።

ልቦለድ ስጽፍ እንዲህ ጨንቆኝ አያውቅም። የሌለ ሰው እፈጥራለሁ፣ የሌለ ቤት አቃጥላለሁ፣ ማንም አይቀየመኝም። ፊልም ስሠራ ግን የምጠቀመው የሰው ፊት ነው፤ ያ ፊት ደግሞ እናት አለው፣ አባት አለው፣ ቅዳሜ የሚመለስበት ደጃፍ አለው። ይህን ሳላውቅ አጥፍቼ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላንገበገበኝ። አውቄ ነው ያጠፋሁት።

እኔ ራሴ የተማርኩት ሞላሌ ነው። ቤታችን ከከተማው ግማሽ ቀን በእግር ያስኬድ ስለነበር፣ እንደ አብዛኛው የገጠር ልጅ ከሌሎች ሴቶች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ቅዳሜ ወደየቤታችን እንሄዳለን፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሳምንቱን ስንቅ ተሸክመን እንመለሳለን። የገብስ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ትንሽ ሽሮ፤ ሁሉም ከጠቦት ቆዳ በተሠራች አቁማዳ ውስጥ ታጭቆ ይመጣል።

ክፍሏ የራሷ ሕግ ነበራት። ከመንገድ እንደገባን ሁላችንም አቁማዳችንን በአንድ ትልቅ እንቅብ ላይ እንገለብጣለን። የአንዷ ዳቦ ነጣ ያለ፣ የሌላዋ የጠቆረ፣ የአንዷ ብዙ፣ የሌላዋ ጭብጥ የማይሞላ ይሆናል፤ እንቅቡ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን የማንም አይደለም፣ የሁላችንም ነው። ከዚያ እያንዳንዷ የአቁማዳዋን ውስጥ ወደ ውጭ ገልብጣ በሁሉም ፊት ታራግፋለች። ለራሴ ያስቀረሁት የለም ማለቷ ነው። እንዲህ አድርጉ ብሎ ያዘዘን የለም፤ ከእኛ በፊት የነበሩት ሲያደርጉት አይተን ያዝነው። አላራግፍም ያለች ልጅ «ቋጣሪ» የሚል ስም ይወጣላትና እስከ ክረምት ድረስ አይለቃትም። እኔ ከዚያ ስም ይልቅ ረሃቡን እመርጥ ነበር። አራግፋ አቁማዳዋን ግድግዳው ላይ የሰቀለች ልጅ ግን ያመጣችው አንድ እፍኝ ቆሎ እንኳ ቢሆን ቀና ብላ ትቀመጣለች።

ከብዙ ዓመት በኋላ ካሜራ ይዤ ተመለስኩ። መንግሥት ከተለወጠ ቆይቷል፤ በየቀበሌው ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ፕላዝማ ከሚሉት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ይማሩ ነበር። እኔ ደግሞ መጻሕፍት አሳትሜ፣ ስሜ ትንሽ ተሰምቶ፣ በያገኘሁበት መድረክ ትምህርት ቤት መክፈት ብቻውን እኩልነት አይደለም እያልኩ እከራከር ነበር። እናቱ ቤት እራቱን በልቶ የሚያጠናው የከተማ ልጅና ከሐሙስ ጀምሮ ሆዷ ባዶ የሆነው የገጠር ልጅ አንድ ዓይነት ፈተና ይፈተናሉ። ይህን ዛሬም አምናለሁ። ክፋቱ፣ ትክክል የሆነ ነገር የያዘ ሰው እጁን ማየት ይረሳል።

ልጅቱን ያገኘኋት እኔ ከኖርኩበት ክፍል ብዙም ሳይርቅ ነው። አሥረኛ ክፍል ነበረች። በዓመቱ መጨረሻ ብሔራዊ ፈተና ይጠብቃታል፤ ያለፈ ወደ መሰናዶ ይቀጥላል፣ የወደቀ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እሷ እንደምታልፍ የተጠራጠረ አላገኘሁም። ሒሳብ መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ፕላዝማው ሲጨልም ተነሥታ ጥያቄውን የምትጨርሰው እሷ ናት ብለው አስተማሪዎቿ በኩራት ነገሩኝ። ዝምተኛ ናት፤ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። ዶክተር እሆናለሁ ምናምን አላለችኝም። አስተማሪ ሆኜ እዚሁ እመለሳለሁ አለችኝ። ወደድኳት፤ ራሴንም ያየሁባት መሰለኝ።

ቀረጻው ሰኞ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተከትለናት ወደ ክፍሏ ገባን። በበሩ የገባው የከሰዓት ፀሐይ በትክክል ግድግዳው ላይ፣ አቁማዳዎቹ የተሰቀሉበት ቦታ ላይ ወድቋል። ካሜራማኑ ብርሃኑ ሳያመልጠን አለ። እኔም አቁማዳዋን አውርዳ ወደ ካሜራው ዞራ እንድትከፍተው ጠየቅኋት። ከመጀመራችን በፊት ግን ዓይኔ እንቅቡ ላይ አረፈ። ትናንት እሑድ ነበርና እስከ አፉ ሞልቷል። ከምስሉ አስወጣው አልኩት ለካሜራማኑ። እሱም እግሩን ትንሽ ቀየር አደረገ፤ እንቅቡ የሌለ ሆነ።

ልጅቱ አቁማዳዋን አወረደች፤ ውስጡን ወደ ውጭ ገለበጠች፤ አራገፈች። የዳቦው ብናኝ በፀሐዩ ውስጥ ብን ብሎ ታየ። ከዚያ ቀና ብላ ካሜራውን አየችና ፈገግ አለች፤ ያን ጊዜ አፏን አልሸፈነችም። ካሜራማኑ በደስታ ሊያብድ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም።

አዲስ አበባ ገብቼ ፊልሙን ስቆርጥ ፈገግታዋ አስቸገረኝ። ከፈገግታው በፊት ያለው ምስል ረሃብ ነው፣ ማንም ይገባዋል። ፈገግታው ሲጨመር ግን ምን እንደሆነ አይለይም። ቀና ከማለቷ በፊት ቆረጥኩት። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ነበረኝ፤ ሐሙስ ሲደርስ እንቅቡ በእውነት ባዶ ይሆናል። እኔም ኖሬበታለሁ፤ ዓርብን በውኃ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። የሐሙሱን እውነት ሰኞ ቀረጽኩት እንጂ አልዋሸሁም አልኩ። ይህ ክርክር ዛሬም አንዳንድ ቀን ሊያሳምነኝ ይሞክራል፤ በነዚያ ቀኖች ራሴን ይበልጥ እጠላዋለሁ።

ፊልሙ ታየ፤ ሰው አለቀሰ። ውሎ አድሮም በአንዳንድ ቦታ ለገጠር ልጆች ምሳ ማብላት ተጀመረ፤ ይህን ደብቄ ራሴን ከሚገባኝ በላይ ጥቁር መቀባት አልፈልግም። እኔም በዚያው በለቅሶው ሰሞን ልቤ ሞላና ፊልሙን ተሸክሜ ሞላሌ ተመለስኩ። ስጦታ ያመጣሁ ነው የመሰለኝ። ወላጆችም እንዲመጡ ብዬ ገበያ ቀን አደረግሁት። የትምህርት ቤቱን አዳራሽ መስኮቶች ተማሪዎቹ ከየክፍላቸው ባመጡት ባና፣ በወፍራሙ የጠጉር ብርድ ልብስ፣ ጋረዱልን፤ አዳራሹ የበግ ጠጉር ሸተተ። ግድግዳው ላይ አቡጀዴ ወጠርን፤ ጀነሬተሩም በግድ ተነሣ።

የልጅቱን አባትና እናት ከፊት ረድፍ አስቀመጥኳቸው። በገዛ እጄ፣ ክንዳቸውን ይዤ። አባቷ በርኖሳቸውን ደርበው መጥተዋል፤ እናቷ ነጠላቸው ታጥቦ ገና እጥፋቱ ይታያል። ልጃቸው ትታያለች ስለተባሉ እንደ ክብረ በዓል ለብሰው ነው የመጡት።

አቁማዳው ሲራገፍ አዳራሹ ጸጥ አለ። አዲስ አበባ ላይ በዚህ ቦታ የአፍንጫ ድምፅ ነበር የምሰማው። እዚህ ግን ሰዎች ከአቡጀዴው ዓይናቸውን አንሥተው ወደ ፊት ረድፍ ማየት ጀመሩ። እናትየው ነጠላቸውን ቀስ ብለው ፊታቸው ላይ ሳቡ። አባትየው አልተነሡም፤ እስከ መጨረሻው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሲያልቅ ተነሥተው እግዜር ይስጥልኝ አሉኝና ሚስታቸውን አስቀድመው ወጡ። ልጅቱን ከሕዝቡ መሃል ፈለግኋት፤ አላገኘኋትም።

ከተማው ውስጥ የሚኖር አጎቴ፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፣ ያን ቀን ቤቱ ስገባ ምሳ አቅርቦ እሱ ግን አልቀመሰም። ፊልሙን እንዴት አየኸው አልኩት። የዚያን ሰው ቤት ገበያ መሃል አወጣሽው አለኝ። እንቅቡ የት ሄደ ብሎ ጠየቀኝ። እሱም በልጅነቱ በእንደዚያው ዓይነት ክፍል ሕግ ያደገ ነው፤ እሱን ማታለል አይቻልም። ገበሬ ተቸግሮ ያውቃል፣ ቸገረኝ ማለትም ነውር አይደለም፤ ልጁን ባዶ አቁማዳ አስይዞ ከደጁ ያስወጣ ሰው ግን በዚህ አገር እንደ አባት አይቆጠርም፣ ሚስቱም እንደ እናት አትቆጠርም አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበር አልኩ፤ መሬት ግን እንደዚያ ባለ ጊዜ ተከፍታ አታውቅም።

ያን ቅዳሜ ልጅቱ እንደልማዷ ወደ ቤቷ ሄደች። እሑድ አልተመለሰችም። በሚቀጥለውም እሑድ አልተመለሰችም። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ አጎቴ ስልክ ደውሎ ነገረኝ። አባቷ ሰንበቴ ላይ ጠላ ሲያነሡ አንዱ በቀልድ፣ እንኳን ለእንግዳ ለልጅም አልተረፈ ብሏቸዋል አሉ። እሳቸውም ዋንጫውን አስቀምጠው ወጥተው ከዚያ ወዲህ ሰንበቴ አልሄዱም። ልጅቱንም ከቤት አስቀርተዋታል። ፈተናው ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር።

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ልጅቱ ከተመለሰች ሌላው ሁሉ ይቀላል ብዬ ነበር። አጎቴም ከሞላሌ አብሮኝ መጣ። በአገራችን ከባድ በደል የበደለ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው፤ የተበደለው ድንጋዩን ካወረደለት ምሮታል ማለት ነው። አጎቴ ከመንገድ ዳር ድንጋይ መረጠልኝ፤ ሥጋዬ ነውና ልቡ አልጨከነም፣ ትንሿን ነው ያነሣልኝ። ደጃቸው ስደርስ ተንበረከክሁ። ውሻው ይጮሃል፣ ነፋሱ በሱሪዬ ይገባል፣ እኔ ስለ ሴቶች ክብር መጽሐፍ የጻፍኩት ሰው ዓይኔን ከመሬት ማንሣት አልቻልኩም።

አባትየው ወጥተው አዩኝ። ከዚያ ድንጋዩን አነሡና በእጃቸው መዘን አደረጉት። ይችንማ ጠቦትም ይሸከማታል አሉ። አጎቴ ሳቀ፣ እሳቸውም ጥቂት ፈገግ አሉ። «በይ ተነሺ፣ ልጄ። ይቅር ለእግዜር።»

ገብተን ተቀመጥን። እናትየው ዳቦ ቆረሱ፣ ጠላ ቀዱ፣ ብይ ብይ አሉ። ቤታቸው ውስጥ ጎተራው ከበሩ ፊት ለፊት ነው፤ ክዳኑ ከእህሉ ብዛት አልገጥም ብሎ ሙላቱ ይታያል። እንዳየው ፈልገው እዚያ ፊት ያስቀመጡኝ መሰለኝ። አየሁትም። ልጅቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ ቀና አላለችም።

ምግቡ ሲያልቅ የመጣሁበትን ተናገርኩ። ልጅቱ ትመለስ፣ ፈተናው ደርሷል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእሷ አይደለም አልኩ። እሳቸው አንቺን ምሬያለሁ፣ ነገሩ አልቋል፣ ልጄ ግን እዚያ ከተማ በበላች ቁጥር ሰው አፏን እያየ ነው የሚኖረው አሉኝ። ያኔ እንደ ብልኃት የቆጠርኩትን ነገር አመጣሁ፤ አዲስ አበባ ይዣት ልሂድ፣ እኔው ቤት ትኑር፣ እኔ ላስተምራት አልኳቸው። እናትየው የያዙትን ማንቆርቆሪያ አስቀመጡ።

«እንግዲያማ» አሉ አባትየው፣ «እውነት ነበረ ይሉኛል።»

ያንን ፊልም ሰዎች እንዲያምኑኝ ስንት ወር ለፍቻለሁ፤ አሁን ማመናቸው ነው በር የዘጋብኝ። በመጨረሻ፣ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ለሕዝቡ እኔው ራሴ እውነቱን ልንገር ብዬ ለመንኳቸው። ተይ አላሉኝም። ሕዝቡ ከሰማና አፉን ከሰበሰበ ልጅቱ ትመለሳለች አሉ። ያን ሌሊት እዚያው ቤታቸው ተስፋ አድርጌ ተኛሁ።

እሑድ ቅዳሴው እንዳለቀ ቄሱ ፈቅደውልኝ ደጀ ሰላሙ ፊት ቆምኩ። አቁማዳው ሙሉ ሆኖ እንደመጣ፣ ልጅቱ ስንቋን በጋራው እንቅብ ላይ እንዳፈሰሰች፣ እንቅቡን ከምስሉ ያስወጣሁት እኔ እንደሆንኩ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። በጨዋ ደንብ አዳመጡኝ። ስጨርስ አንዲት አሮጊት ወደ እኔ መጡና ጉንጬን ዳበስ አደረጉኝ።

«አይ ልጄ» አሉኝ፣ «ገመናቸውን ልትሸፍኝላቸው ነው። እግዜር ይባርክሽ። በዓይናችን ያየነውን ግን እንዴት እንተወው?»

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። በክፋት አልነበረም፤ አዝነውላቸው ነው። የልጅቱ አባት ከግንቡ ሥር ቆመው ሰምተዋል። በርኖሳቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው አቀኑ። አልከተልኳቸውም፤ ምን ፊት ኖሮኝ።

ቦርሳዬን ለመውሰድ ቤት ስደርስ እናትየው ቦርሳውን ንቀው በራሳቸው አቁማዳ ስንቅ አጨቁልኝ፤ የገብስ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ አፉ እስከማይታሰር ድረስ። ከእኛ ቤት ባዶዋን ወጣች እንዳይሉን አሉ፤ በክፉ አይደለም የተናገሩት፣ እኔ ግን እንደ ጥፊ ነው የተሰማኝ። ልጅቱን እስከ መኪና መንገዱ ሸኚያት አሏት። አቁማዳውን ተሸክማ ከፊቴ ከፊቴ ትሄዳለች፤ አጎቴ ቀደም ብሎ ሄዷል። መንገዱ ሲታይ ቆመች፤ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችኝ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ክፈቺው ሲሉኝ ባዶ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

አውቅ ነበር አልኳት። እሷን እንኳ እንዳልዋሻት ብዬ ነው።

«እኔኮ ለራሴ እንዳላስቀረሁ ሊያሳዩልኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «እማዬ ስታየው ደስ ይላታል ብዬ ነው ያን ያህል ያራገፍሁት።»

አቁማዳውን ከትከሻዋ አውርዳ ሰጠችኝ። አውቶቡሱ ሲመጣ እጇን አንሥታ ተሰናበተችኝና ተመለሰች። ስንቁን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ አዲስ አበባ አልነካሁትም። ቤቴ ስገባ ገለበጥኩት፤ ብቻዬን ስለምኖር የምገለብጥበት እንቅብ አልነበረኝም፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ነው ያፈሰስኩት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በዚያ ዓመት አልተፈተነችም። የሰው አፍ ይደክማል ብለን ነበር፤ አልደከመም። በሚቀጥለውም ዓመት አልተመለሰችም፤ ከዚያ ወደ መርሐቤቴ በኩል ተዳረች። ባለቤቷ ደግ ሰው ነው ይላሉ። የሒሳብ ጥያቄ የምትጨርስበት ሰሌዳ ግን እዚያ ያለ አይመስለኝም። ሌሎች የማላውቃቸው ልጆች በእሷ ምስል ምሳ በልተዋል፤ እሷ ግን የእኔ ፊልም ስላለ አልተማረችም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያጸዳልኝም።

ፊልሙን መልሼ ከፈትኩት። ሙሉውን እንቅብ የቀረጽኩበት ቦታ የለም፤ ያለኝ ፈገግታዋ ብቻ ነው። እሱን ወደ ቦታው መለስኩት። ያው አቁማዳ ይራገፋል፣ ያው ብናኝ ይታያል፣ ከዚያ ልጅቱ ቀና ብላ አፏን ሳትሸፍን ፈገግ ትላለች። አሁን ይገባቸዋል አልኩ። የኮራች ልጅ ያያሉ፣ የራበው ሰው እንዲህ አይስቅም ይላሉ አልኩ።

አዲሱን ፊልም አዲስ አበባ ውስጥ ባሳየሁበት ቀን ሰው ከበፊቱ ይልቅ አለቀሰ። ሲያልቅ አንዲት ሴት ከወንበሮቹ መሃል አልፋ መጣች። «እየተራበች እንኳ ፈገግ አለች» አለችኝ። በዚያ ጊዜ ውኃ በአጠገቤ አልነበረም። አልተራበችም አልኳት፣ ሰኞ ነበር፣ እንቅቡ ሞልቶ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስወጣሁት። ሴትዮዋ ዓይኗ በእንባ እንደሞላ ሁለት እጄን ያዘችና፣ አይዞሽ፣ አንቺ የምትችይውን አድርገሻል ብላ አጽናናችኝ።